ሲቲዝን ሆናችሁ? የአሜሪካን ምርጫ በዚህ ጀምሩት

ሰርተፍኬቱን ተቀብላችኋል። ትንሿን ባንዲራ ይዛችሁ ፎቶ ተነስታችኋል፣ ዘመድ ወዳጅም «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው ብዙም አይገኝም። የአሜሪካ ምርጫ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በ4 ዓመት አንዴ ቴሌቪዥን ላይ ቀይና ሰማያዊ የሚቀባው ካርታ ነው። እኔ ግን ለዚያ ካርታ የምንሰጠው ጊዜ በጣም በዝቷል ባይ ነኝ። የእናንተ አንድ ድምፅ ጉልበት የሚኖረው ሰው ከቤቱ በማይወጣበት ፕሪሜሪ (የፓርቲ እጩ መምረጫ) ላይና በምርጫ ወረቀቱ የታችኛው ክፍል ላይ ነው። መመሪያውንም የጻፍኩት ይህን ይዤ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መምረጥ መቻላችሁን አረጋግጡ

ለፕሬዚዳንት፣ ለሴኔትና ለተወካዮች ምክር ቤት የሚመርጠው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ አይበቃም። አሳይለምም፣ የሥራ ፈቃድም አይበቃም። አሥር ዓመት ታክስ ከፍላችሁም ቢሆን አይበቃም። ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ ወንጀል ነው። ከዚህም አልፎ «ዜጋ ነኝ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ብቻውን ከአገር ሊያስባርር፣ የዜግነት ማመልከቻንም ገደል ሊከት ይችላል።

«እኔ ምን በወጣኝ፣ አልመርጥም» የሚል ሰው ሳያውቀው የሚገባበት በር አለ፤ ዲኤምቪ። በ1993 ከወጣው ሕግ ወዲህ በአብዛኛው ስቴት መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት መራጭም ይመዘግባል። አስቡት፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሠራተኛዋ ትፈጥናለች፣ ስክሪኑ ላይ «መራጭ ሆነው መመዝገብ ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ሰውም «የስ፣ የስ» ብሎ ያልፋል። ግሪን ካርድ ያላቸውን እናትና አባታችሁን ስታጅቡ ይህቺን ገጽ ቆም ብላችሁ አንብቡላቸው።

አንድ ለየት ያለ ነገርም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን ለከተማዋ ከንቲባና ምክር ቤት ታስመርጣለች። ዋሽንግተን ዲሲም በ2022 ለአካባቢ ምርጫ ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች፣ ኮንግረስ ውስጥ ግን ሊያሽሩት የሚታገሉ አሉ። ይህ ለከተማ ምርጫ ብቻ ነው። የዜግነት ማመልከቻው ከዚህ በፊት ተመዝግባችሁ ወይም መርጣችሁ እንደሆነ ስለሚጠይቅ፣ ግሪን ካርድ ይዛችሁ በዚህ ለመጠቀም ካሰባችሁ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

2. ተመዝገቡ፤ ስምና ፊርማ ላይ ግን ጥንቃቄ

አሜሪካ ውስጥ እንደ እኛ አገሩ ምርጫ ቦርድ ያለ፣ ምርጫውን ከላይ እስከ ታች የሚያስፈጽም አንድ መሥሪያ ቤት የለም። ስቴቱ አብዛኛውን ሕግ ያወጣል፣ ካውንቲው ወይም ከተማው ያስፈጽማል። ስለዚህ «አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ነው» የሚላችሁን ሰው መጀመሪያ «የት ስቴት?» በሉት። ኖርዝ ዳኮታ ጭራሽ የመራጭ ምዝገባ የላትም። ሚኒሶታ በምርጫው ዕለት እዚያው ጣቢያው ላይ ትመዘግባለች፤ አድራሻችሁን የሚያሳይ ወረቀት ባይኖራችሁ እንኳ እዚያው ቀበሌ የተመዘገበ ጎረቤት ሊመሰክርላችሁ ይችላል። ሜሪላንድ፣ ዲሲና ኔቫዳም በዕለቱ ይመዘግባሉ። ቴክሳስ ላይ ግን ከምርጫው 30 ቀን በፊት ካልተመዘገባችሁ አለቀ። እዚያ መንጃ ፈቃድ ስታድሱ ካልሆነ በስተቀር በኢንተርኔት በቀጥታ መመዝገብ አይቻልም። ፎርሙን ሞልታችሁ፣ ፈርማችሁ፣ በፖስታ መላክ ወይም ራሳችሁ ማድረስ ነው። ሂዩስተንና ዳላስ ያላችሁ ይህቺን አስምሩባት።

የሐበሻ ዋና ችግር ስም ነው። መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም መሐል ገብቶ አያት መጨረሻ ላይ አለ። ሶሻል ሴኩሪቲው ላይ አባት መጨረሻ ላይ ነው። የዜግነት ሰርተፍኬቱ ላይ ደግሞ «ገብረ» እና «መድኅን» ተለያይተው ሁለት ስም ሆነዋል። የመዝጋቢው ኮምፒውተር እነዚህን እንደ ተለያዩ ሰዎች ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ስትመዘገቡ ለመታወቂያ የምትጠቀሙበትን ሰነድ ፊት ለፊት አስቀምጡና ፊደል በፊደል፣ ክፍተቱን ጭምር ገልብጡት። ሰነዶቻችሁ እርስ በርስ የማይስማሙ ከሆነ ካውንቲው ምርጫ ቢሮ ደውላችሁ አስተካክሉ። ይህን ደግሞ በኦክቶበር መጨረሻ አትሞክሩት፣ ስልካቸው አይነሳም።

ፊርማም አለ። በፖስታ የምትመርጡ ከሆነ በብዙ ስቴት፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን ስቴት፣ በኮሎራዶና በኔቫዳ፣ ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ ከፋይሉ ፊርማ ጋር ይመሳከራል። መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ በአማርኛ ፊደል ከፈረማችሁ ፖስታውም ላይ በአማርኛ ፈርሙ። ዲኤምቪ የፈረማችሁት በጣት ስክሪን ላይ ተጣሞ የወጣ ነገር ከሆነ ፈቃዱን አውጥታችሁ አንዴ እዩት። አማርኛው ጥፋት የለበትም፤ ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ ሲለያዩ ነው።

3. ፓርቲ ምረጡ፤ ወይም መምረጥ እንደማያስፈልጋችሁ እወቁ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የአሜሪካ ፓርቲ አባልነት መዋጮ፣ ደብተር፣ ስብሰባ ያለበት ነገር አይደለም። ፎርም ላይ አንድ ሳጥን ነው። ዲሞክራት ብላችሁ ተመዝግባችሁ ለሪፐብሊካን ብትመርጡ ማንም አይጠይቃችሁም፣ ድምፃችሁ ሚስጥር ነው። ከእኛ አገር ልምድ የተነሳ «ፓርቲ ውስጥ ስሜ እንዲገባ አልፈልግም» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፣ መሠረት የሌለው ነገርም አይደለም። ያም ሆኖ እዚህ ሳጥኑ አንድ ነገር ብቻ ይወስናል፦ በአንዳንድ ስቴት በየትኛው ፕሪሜሪ እንደምትመርጡ።

ፕሪሜሪ ማለት ፓርቲው ለኖቬምበሩ ምርጫ ማንን እንደሚያቀርብ መራጩ ራሱ የሚወስንበት ምርጫ ነው። በብዙ አገር ይህን የሚወስነው የፓርቲው አመራር ነው። እዚህ ተራው ሰው ነው፣ ማለትም ከመጣ።

አሁን ሜሪላንድን ውሰዱ። ሜሪላንድ ፕሪሜሪዋ ዝግ ነው። የዲሞክራት ፕሪሜሪ ላይ ለመምረጥ ዲሞክራት፣ የሪፐብሊካን ላይ ደግሞ ሪፐብሊካን ሆናችሁ መመዝገብ አለባችሁ። «ገለልተኛ» ያላችሁ ከሆነ ያን ቀን የሚደርሳችሁ የትምህርት ቦርድና የመሳሰለው ፓርቲ የሌለበት ውድድር ብቻ ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ አሌክሳንድሪያ ወይም አርሊንግተን ብትኖሩ ሌላ ዓለም ነው። ቨርጂኒያ መራጭን በፓርቲ አትመዘግብም። ዕለቱን ሄዳችሁ የፈለጋችሁትን አንዱን ፓርቲ ወረቀት ትጠይቃላችሁ። ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ሚኒሶታም በፓርቲ አይመዘግቡም። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ከፕሬዚዳንቱ ውጪ ባሉት ትልልቅ ውድድሮች ሁሉንም ተወዳዳሪ አንድ ላይ አቅርበው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያሳልፋሉ፣ ሁለቱም ከአንድ ፓርቲ ቢሆኑም። ኮሎራዶ ገለልተኛ ለሆነ ሰው የሁለቱንም ወረቀት ቤቱ ትልክለትና አንዱን ብቻ ሞልቶ እንዲመልስ ታደርጋለች።

ለምን ይህን ያህል አስጨነቀኝ? ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው፣ ሐበሻውም ብዙ ነው። ካውንቲው በጣም ዲሞክራት ስለሆነ ፕሪሜሪውን ያሸነፈ ሰው ኖቬምበር ላይ ይሸነፋል ብሎ የሚጠብቅ የለም። በ2018 የካውንቲውን አስተዳዳሪ ለመምረጥ በተደረገው የዲሞክራት ፕሪሜሪ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፈው በ77 ድምፅ ነው። በ2022 ሁለቱ እንደገና ገጠሙ፣ ድምፁም እንደገና ተቆጠረ፣ ልዩነቱ 32 ሆነ። ሠላሳ ሁለት! አንድ ሰርግ ቤት ውስጥ አራት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። ኪራይን፣ የንብረት ታክስን፣ ፖሊስን፣ አውቶቡስን የሚነካ ሥልጣን በዚያች ቁጥር ተወሰነ። ዕለቱን «ገለልተኛ» ሆነው ቤታቸው የቀሩት ደግሞ ኖቬምበር ላይ ተሰልፈው፣ ያለቀ ነገር ላይ ድምፅ ሰጡ።

ዲሲም ያው ነው። ዲሲ ራሷን ማስተዳደር ከጀመረች ወዲህ ዲሞክራት ያልሆነ ከንቲባ ኖሯት አያውቅም። በተቃራኒው ሪፐብሊካን ብቻ የሚያሸንፍበት የቴክሳስ ገጠር ካውንቲ ብትኖሩ ሕጉ ተገልብጦ ይሠራል፤ ወሳኙ የሪፐብሊካን ፕሪሜሪ ነው።

ስለዚህ ይህን አድርጉ። አንደኛ፣ ስቴታችሁ በፓርቲ ይመዘግብ እንደሆነ እዩ። የማይመዘግብ ከሆነ ይህን እርምጃ ዝለሉት። ሁለተኛ፣ ፕሪሜሪው ዝግ ከሆነ አካባቢያችሁን ማን እንደሚያሸንፍ ያለፉትን ሁለት ምርጫዎች ውጤት ተመልከቱ። አንዱ ፓርቲ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ከሆነ፣ ልባችሁ የትም ይሁን፣ እዚያ ፓርቲ መመዝገብ ድምፃችሁን ሥራ ያገኝለታል። «ይሄ ማጭበርበር አይደለም ወይ?» የሚል ወዳጅ አለኝ። አይደለም፣ ሕጋዊ ነው፣ ፈረንጁም ያደርገዋል። ሦስተኛ፣ ፓርቲ መቀየር ከፕሪሜሪው ቀደም ብሎ የሚዘጋ ቀን አለው፣ በዕለቱ «ቀይሩልኝ» አይሠራም።

ስለ ፓርቲዎቹ ራሳቸው አጭር ነገር። ሪፐብሊካን በ1854 ባርነት ወደ አዳዲሶቹ ግዛቶች መስፋፋቱን በሚቃወሙ ሰዎች ተመሠረተ፣ በ1860ም ሊንከንን አስመረጠ። ዲሞክራት ከዚያ ይቀድማል፣ ያኔ የደቡቡ የባሪያ ባለቤቶች ፓርቲም ነበር። በተለይ ከ1960ዎቹ የሲቪል መብት ሕጎች በኋላ ደቡቡ ቀስ በቀስ ወደ ሪፐብሊካን ዞረ። «የሊንከን ፓርቲ» የሚለውን ቃል ይዞ የዛሬውን ፓርቲ መፍረድ አይቻልም። ቀዩ ሪፐብሊካን፣ ሰማያዊው ዲሞክራት የሚለው ቀለም እንኳ የጸናው ከ2000ው ምርጫ ወዲህ ነው። ሦስተኛ ፓርቲ አለ፣ ግን አይጸናም። ነጋዴው ሮስ ፔሮ በ1992 ለፕሬዚዳንትነት በግሉ ተወዳድሮ ከመራጩ 19 በመቶ ገደማ ድምፅ ቢያገኝም፣ አንድም የኤሌክቶራል ድምፅ (ለየስቴቱ የተመደበውን፣ ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ የሚወስነውን ድምፅ) አላገኘም፤ አንደኛ የወጣ ሁሉንም የሚወስድበት አገር ነዋ።

4. የቀን መቁጠሪያችሁ ላይ በየዓመቱ ምልክት አድርጉ

አጠቃላይ ምርጫው ከኖቬምበር የመጀመሪያው ሰኞ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ነው። ለፕሬዚዳንት ምርጫ ይህን ቀን የወሰነው የ1845ቱ ሕግ ነው፣ የቀረውም ተከተለው። በ2026 ኖቬምበር 3፣ በ2028 ደግሞ ኖቬምበር 7 ይውላል። የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫ ሁሉ በየ2 ዓመቱ ይመረጣል። 100ው ሴናተር ለ6 ዓመት ነው፣ በየ2 ዓመቱ ሲሶው ይወዳደራል። ቨርጂኒያ ገዢዋን የምትመርጠው በጎዶሎ ዓመት ነው፤ 2021፣ 2025፣ 2029። ሚኒያፖሊስም የከተማ ምክር ቤቷን በጎዶሎ ዓመት ትመርጣለች። «ዘንድሮ ምርጫ የለም» የሚባል ነገር ብዙ ጊዜ ውሸት ነው።

ከኖቬምበር በኋላም ላያልቅ ይችላል። ጆርጂያ አሸናፊው ከግማሽ በላይ ካላገኘ ሁለቱን እንደገና ታወዳድራለች። ጃንዋሪ 5፣ 2021 አሜሪካ ሴኔት በማን እጅ እንደሚሆን የተወሰነው እንዲህ ባለ ድጋሚ ምርጫ፣ በሁለቱ ዲሞክራቶች በኦሶፍና በዋርኖክ ድል ነው። አትላንታና ክላርክስተን ያላችሁ፣ አንዴ መርጣችሁ አትርሱት።

5. የፕሬዚዳንቱን ሒሳብ በ3 ደቂቃ ጨርሱት

538 የኤሌክቶራል ድምፅ አለ፣ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ካሊፎርኒያ 54፣ ቴክሳስ 40፣ ቨርጂኒያ 13፣ ሜሪላንድ 10፣ ዲሲ 3 አላቸው። ሜይንና ነብራስካ ሲቀሩ በሁሉም ስቴት አንደኛ የወጣው ጠቅልሎ ይወስዳል። ለዚህ ነው በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በመላው አገሪቱ ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጣ የተሸነፈችው። በ2000 ፍሎሪዳ ላይ 537 ድምፅ ፕሬዚዳንቱን ወሰነ፣ በ2020 ጆርጂያ ላይ ልዩነቱ 11,779 ነበር። ላስቬጋስ፣ አትላንታ ወይም ፊላደልፊያ የምትኖሩ ከሆነ የፕሬዚዳንት ድምፃችሁ ወርቅ ነው። ሜሪላንድ ወይም ሲያትል ከሆናችሁ ምረጡ፣ ግን ጊዜያችሁን ለቀጣዩ እርምጃ አስቀምጡ።

6. የናሙና ወረቀቱን አውርዱና ከታች ወደ ላይ አንብቡት

ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት የስቴቱ ወይም የካውንቲው ምርጫ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን ስታስገቡ የሚደርሳችሁ ወረቀት ናሙና ይወጣል። አትሙት። ከፕሬዚዳንቱ ሥር ሴናተር፣ ኮንግረስ፣ ገዢ፣ የስቴት ምክር ቤት፣ ሸሪፍ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ዳኛ፣ የትምህርት ቦርድ፣ ከዚያም «ይህ ሕግ ይጽደቅ ወይ?» የሚሉ ጥያቄዎች ሊኖሩ ይችላሉ። አብዛኛው መራጭ ላይኛውን ሞልቶ ሲወርድ ይደክመዋል፣ ታችኛውን ባዶ ትቶ ይወጣል። እናንተ ከታች ጀምሩ የምለው ለዚህ ነው።

ታችኛው ምን ያደርግልናል ለሚል፣ ሚኒያፖሊስን ይይ። በ2024 የከተማው ምክር ቤት ለኡበርና ለሊፍት ሹፌሮች ዝቅተኛ ክፍያ የሚወስን ሕግ አወጣ። ከንቲባው በቪቶ ሻረው፣ ምክር ቤቱ ቪቶውን መልሶ ሻረው። ኩባንያዎቹ «ከተማውን እንለቃለን» አሉ። መጨረሻ ላይ የስቴቱ ምክር ቤት ገብቶ ለመላው ሚኒሶታ የሚሠራ የክፍያ ሕግ አወጣ። ከእነዚያ ሹፌሮች ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ናቸው። በዚህ ውስጥ ፕሬዚዳንት የለም፣ ኮንግረስ የለም፤ ሁሉም ከወረቀቱ ታች የተመረጡ ሰዎች ናቸው። እዚያው ሚኒሶታ፣ ኦስቲን የምትባል ከተማ፣ ከኢትዮጵያ በስደት የመጣው ኦባላ ኦባላ በ2019 ዜግነት አግኝቶ በ2020 ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠ። ወንበሩ ከሚመስለን በላይ ቅርብ ነው።

ተወዳዳሪዎቹን የማታውቋቸው ከሆነ ሦስት ነገር በቂ ነው፦ አሁን ወንበሩ ላይ ያለው ማን ነው፣ ገንዘብ የሰጠው ማን ነው፣ እናንተን በሚነካ አንድ ጉዳይ ላይ ምን ብሏል። በቃ። የዳኞቹን ዝርዝር ሁሉ ላጥና ካላችሁ ትሰለቻላችሁ፣ እኔም እዘላለሁ። ባዶ መተው ቀሪውን ድምፃችሁን አያበላሽም። ኔቫዳ ላይ ደግሞ ለስቴት አቀፍ ውድድሮች «ከእነዚህ አንዳቸውም» የሚል ምርጫ ወረቀቱ ላይ አለ። በ2024 የሴኔት ውድድር «አንዳቸውም» ያለው ሰው አሸናፊዋ ከበለጠችበት ልዩነት ይበዛ ነበር። በሚኒያፖሊስና በአርሊንግተን ካውንቲ ቦርድ ውድድር ተወዳዳሪዎችን በቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ትመርጣላችሁ። አንድ ብቻ ብትሞሉም ይቆጠራል፣ ግን ሁለተኛ ምርጫችሁን ታባክናላችሁ።

7. ሰው እንዴት እንደሚመርጥ እወቁ፤ ራሳችሁንም ጨምሩ

ሰው ፕሮግራም አንብቦ፣ አመዛዝኖ፣ ከዚያ ይመርጣል የሚለው የሲቪክስ መጽሐፍ ወሬ ነው። አብዛኛው አሜሪካዊ ፓርቲውን ከቤተሰቡ ወርሶ ይዞ ይኖራል። ተወዳዳሪውን የሚያየው በዚያ መነጽር ነው። መሐል ላይ የሚዋልለው ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ኑሮዬ ተሻለ ወይስ ከፋ?» ብሎ ነው። ነዳጅና እንቁላል ከተወደደ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ይቀጣል፣ ጥፋቱ የእሱ ሆነም አልሆነም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በሚድተርም ምርጫ (በፕሬዚዳንቱ ዘመን መሐል በሚደረገው) የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ያልቀነሰው በ1998ና በ2002 ብቻ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ማን ከቤቱ ይወጣል የሚለው ነው። በ2020 መምረጥ ከሚችለው ሰው ሁለት ሦስተኛው ገደማ መረጠ። በ2014 ሚድተርም ግን ከአሥሩ አራቱ እንኳ አልመጣም። ፕሪሜሪ ላይ ከዚያም ያንሳል። የሚቀሩት በአብዛኛው ወጣቶች፣ ተከራዮች፣ ገቢያቸው ዝቅ ያለና አዲስ ዜጎች ናቸው። ዘመቻዎች ይህን ያውቃሉ። ሁልጊዜ የሚመርጠውን ሰው ቤት ያንኳኳሉ፣ የማይመርጠውን ይዘላሉ። ማንን እንደመረጣችሁ ሚስጥር ነው፣ መምረጥ አለመምረጣችሁ ግን በመዝገብ ላይ ነው፣ ዘመቻዎችም ያገኙታል። «ማንም በራችንን አያንኳኳም» ለሚሉ የማኅበረሰብ ስብሰባዎች መልሱ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

የእኛን ነገር እናንሳ። በ2021 የቨርጂኒያ ገዢ ምርጫ ላይ፣ በሰሜኑ ጦርነት ዙሪያ የባይደን አስተዳደር በያዘው አቋም የተቆጡ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። በዚያው ጉዳይ ላይ በተቃራኒው የቆሙ የእኛው ሰዎችም ነበሩ። ያንግኪን አሸነፈ። «እኛ ነን ያስመረጥነው» የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አለ። ልዩነቱ ከ60 ሺህ ድምፅ በላይ ነበር፣ ስለዚህ እኔ አላምነውም። ግን ሌላ ነገር አሳየ፦ ለዓመታት አንድ ፓርቲ ብቻ ሲመርጥ የነበረ ማኅበረሰብ ሊዞር እንደሚችል። ፖለቲከኛ የሚፈራውም የሚያባብለውም እንዲህ ያለውን ነው። ገዢ ግን የውጭ ፖሊሲ አያወጣም። የትምህርት ቤትና የሕክምና በጀታችሁን የሚፈርመውን ሰው በአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ ከመረጣችሁ፣ የመረጣችሁት ሥራ በእሱ ጠረጴዛ ላይ የለም። ልኩን ራሳችሁ አመዛዝኑ።

ከላይ እስከ ታች አንድ ፓርቲ መምረጥ ግዴታ አይደለም። በ2024 ትራምፕ አሪዞናን፣ ኔቫዳን፣ ሚሺገንንና ዊስኮንሲንን ሲያሸንፍ እነዚያው አራቱ ስቴቶች ሴኔት ላይ ዲሞክራት መረጡ።

ፖልን (ከምርጫ በፊት የሚደረገውን የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ) በተመለከተ፣ «በ2 ነጥብ ይመራል» ሲባል የስህተቱ ኅዳግ 3 ከሆነ አልታወቀም ማለት ነው። የተጠየቀው የተመዘገበ መራጭ ነው ወይስ በእርግጥ ይመርጣል የተባለ ሰው፣ ያንንም እዩ። በ2016 ዊስኮንሲን ላይ ፖሎቹ ክሊንተንን ከፊት አድርገው ነበር፣ ትራምፕ በ23 ሺህ ገደማ ወሰደው።

8. በዕለቱ

ቀደም ብሎ የሚመረጥበት ቀን ካለ ያኔ ሂዱ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሚያህል የለም። መታወቂያ ደግሞ እንደ ስቴቱ ነው፦ ጆርጂያና ቴክሳስ ፎቶ ያለው ይፈልጋሉ፣ ሜሪላንድ አብዛኛውን መራጭ አትጠይቅም። ቴክሳስ የጦር መሣሪያ ፈቃድን ትቀበላለች፣ የተማሪ መታወቂያን ግን አትቀበልም፤ የፈለጋችሁትን በሉ። የእጩ ስም ያለበት ቲሸርትና ኮፍያ ቤት ይቅር። ቴክሳስ ላይ ስልክ ማውጣትም አይቻልም፣ ስለዚህ የመረጣችሁትን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።

እናታችሁ እንግሊዝኛ ማንበብ ከቸገራቸው የፌደራሉ ሕግ ረዳት ይፈቅዳል። የፈለጉትን ሰው ይዘው መግባት ይችላሉ፣ ልጃቸውንም ጎረቤታቸውንም። የማይፈቀደው አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ ብቻ ነው። በሩ ላይ «ረዳታቸው ነኝ» በሉ፣ ፎርም ካለ ፈርሙ። ዲሲ አማርኛን በከተማው ሕግ የአገልግሎት ቋንቋ ስላደረገችው የምርጫ መረጃ በአማርኛ ጠይቁ። ውስጥ ስትገቡ ግን እናታችሁ «አንቺ የምትመርጪውን ምረጪልኝ» ቢሏችሁ እንኳ አንብቡላቸውና እሳቸው ይወስኑ። ይህ የክብርም የሕግም ጉዳይ ነው።

ስማችሁ መዝገብ ላይ የለም ከተባላችሁ ተመልሳችሁ አትሂዱ። ትክክለኛው ጣቢያ መሆኑን ጠይቁ። ነው ከተባለ «ፕሮቪዥናል ባሎት» በሉ። ከ2002ቱ ሕግ ወዲህ በአብዛኛው ስቴት ይህን ሊከለክሏችሁ አይችሉም። ድምፃችሁ በኤንቨሎፕ ታሽጎ ለብቻው ይቀመጣል፣ ብቁ መሆናችሁ ሲረጋገጥ ይቆጠራል።

9. ሌሊቱንና ቀጣዮቹን ቀናት

ማታ 3 ሰዓት ላይ የሚመራው ሰው ንጋት ላይ ሊሸነፍ ይችላል፤ ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ፔንሲልቬኒያ በፖስታ የመጡ ድምፆችን ከምርጫው ቀን በፊት እንዲከፈቱ አትፈቅድም። በ2020 የባይደን አሸናፊነት በቴሌቪዥን የተነገረው ማክሰኞው አልፎ ቅዳሜ ነበር። ዋትሳፕ ላይ የሚዞረውን የድምፅ መልእክት ተዉትና የካውንቲውን ገጽ ክፈቱ።

ትንሽ ልዩነት ደግሞ ይከሰታል። በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ ለቨርጂኒያ ስቴት ምክር ቤት የተወዳደሩት ዴቪድ ያንሲና ሼሊ ሳይመንድስ እያንዳንዳቸው 11,608 ድምፅ አግኝተው እኩል ወጡ። ስማቸው በወረቀት ተጽፎ፣ በትናንሽ የፊልም ማስቀመጫ ገብቶ፣ ሸክላ ሳህን ውስጥ ተደባልቆ ዕጣ ወጣ። ያንሲ አሸነፈ፣ ፓርቲው ሪፐብሊካንም ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዞ ቀረ።

በፖስታ ከመረጣችሁ ድምፃችሁ የደረሰበትን በስቴቱ ድረ ገጽ ተከታተሉ። ፊርማችሁ አልተመሳሰለም ከተባለ በብዙ ስቴት የማስተካከያ ጥቂት ቀናት ይሰጣሉ፤ ደብዳቤ፣ ኢሜይል ወይም ስልክ ይመጣል። ስለዚህ ፎርሙ ላይ የምታነሱትን ስልክ ጻፉ፣ የድሮውን አይደለም። የደወለው ሰው ሙሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወይም የባንክ ካርድ ከጠየቀ ግን ዝጉትና የካውንቲውን ቁጥር ራሳችሁ ከድረ ገጹ አውጥታችሁ መልሳችሁ ደውሉ።